ዘጠኝ ጭረቶች ለዝበዋል

ሪፖርቱ የሚመጣው ሁልጊዜ ከምሽቱ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። አቻላ ኦሞድ በዚያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ገብታ፣ ጭቃ የያዘ ቦት ጫማዋን በረንዳ ላይ አውልቃ፣ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ስልኳ አንዴ ጢር ይላል። እጇን በፎጣ ጠረግ ታደርግና ታነባለች።

«የተከበሩ ወላጅ፣ ዛሬ በልጅዎ በአሪየት ኦጁሉ ላይ ዘጠኝ ጭረቶች ተመዝግበዋል። ዘጠኙም ለዝበዋል። ከእርስዎ የሚጠበቅ ነገር የለም።»

ከሥሩ «አይቻለሁ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። አቻላ ትጫነዋለች፤ ከዚያ ወደ ሽንኩርቷ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላጓደለችም። እንዲያውም ሥራ ቦታ የልጅ አስተዳደግ ወሬ ሲነሳ «እኔ የልጄን ሪፖርት ሳላይ አላድርም» ትል ነበር፣ አፏን ሞልታ።

በ2081 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ጆሮው ላይ ለዛ የሌለ ተማሪ ማግኘት ከባድ ነው። ለዛ የሽምብራ ፍሬ ታህላለች፤ ጠዋት ሲነሱ ትደረጋለች፣ ሲተኙ ትወልቃለች። አንድ ሰው የሚጎዳ ነገር ሲናገር ቃሉ ልጁ ጋ ሳይደርስ ትቀይረዋለች። በዚያው በተናጋሪው ድምፅ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ሌላ ነገር ይሰማል። ዓይን ያወጣው ስድብ በሕግ ከቀረ ቆይቷል። የቀሩት ትንንሾቹ ናቸው፤ ስለ ቀለም፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ ዘር በጨዋታ መሐል ጣል የሚደረጉት። ትምህርት ቤቶች «ጭረት» ይሏቸዋል። በጭረት ማንም አልሞተም ይባላል።

አሪየት አስራ አራት ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ከጋምቤላ የመጡ አኙዋዎች ናቸው፤ እሷ ግን አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ የአውቶቡስ መስመሩን ሁሉ በቃሏ የምታውቅ የሰፈሩ ልጅ ናት። በክፍሏ ካሉት ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች ቁመቷም ቀለሟም ከሩቅ ይለያታል። ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ለመገመት ብዙ አይጠይቅም ነበር። አቻላ ግን አልገመተችም፤ ለዝቧል ከተባለ ለዝቧል።

የሚገርመው ደግሞ ሙያዋ ማዳመጥ ነው። የምትሠራው ውሃ መሥመር ላይ ነው። ከመሬት በታች ትልቅ ቧንቧ ሲፈነዳ ማሽኖቹ ወዲያው ይደርሱበታል፤ በየዳገቱ የተቀበሩት የድሮ ቧንቧዎች ግን ማሽኑን ያወናብዱታል። ያኔ አቻላ ትጠራለች። ረጅሙን የብረት ዘንጓን አስፋልቱ ላይ አቁማ፣ ጫፉን ጆሮዋ ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች። ለአዲስ ተቀጣሪዎች ሁሌ የምትነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ ውሃው የወጣበት ቦታና ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ አንድ አይደለም። ረግረጉን ቆፍሮ ደረቅ አፈር ያገኘ ሰው ብዙ ነው።

ይህን እያወቀች ቤቷ ውስጥ ረግረጉን ስትቆፍር ከረመች። ከጥቅምት ወዲህ የአሪየት ነገረ ሥራ ሁሉ ተለዋውጧል። ፊቷን በቀን አምስት ጊዜ ትታጠባለች። ከእናቷ ጋር ገበያ መውጣት ትታለች። «ምን ሆነሻል?» ሲሏት «ምንም» ነው፤ ጥያቄው ከተደገመ ገብታ በር ትዘጋለች። አቻላ ዕድሜዋ ነው አለች። አባትየው ኦጁሉ የአውቶቡስ በር ጠጋኝ ነው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። «በሯን ልየው እንዴ? መዝጊያው ሳይበዛበት አልቀረም» ብሎ አለፈው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ትምህርት ቤቱ አቻላን አስጠራት።

አማካሪው አቶ ዘርይሁን ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማይሰማ ትሁት ሰው ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጧት፣ ውሃ ቀዱላት። «ወይዘሮ አቻላ፣ የአሪየት ቁጥር ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ነው» አሏት።

አቻላ ደስ ሊላት ነበር።

«የጭረት ቁጥሯን ማለቴ ነው» አሉ ቶሎ ብለው። «አይስጉ፣ አንዱም እንዳለ ጆሮዋ አልደረሰም። ችግሩ አሁን የሰው ፊት ማየት ጀምራለች። ሰው ሲናገራት ፊቱን እያየች ትረበሻለች። ስለዚህ ደረጃ አራትን እንመክራለን።»

ደረጃ አራት መነጽር አለው። ለዛ ለጆሮ የምታደርገውን እሱ ለዓይን ያደርጋል፤ የሚያሾፍ ከንፈር ፈገግታ ይሆናል፣ የሚገላምጥ ዓይን ይረጋል።

«ማንም ክፉ ፊት አያሳያትም ማለት ነው?»

«ማሳየቱን ያሳያታል» አሉ አቶ ዘርይሁን። «እሷ አታየውም።»

ቅጹን ሰጧት። እስከ አርብ ስድስት ሰዓት ካልተፈረመ ለዛዋም ትሰበሰባለች፤ ትምህርት ቤቱ በግማሽ ጥበቃ ኃላፊነት አይወስድም። ወይ ሙሉውን ወይ ባዶ እጅ። አቻላ ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እውነቱን ለመናገር ልትፈርም ነበር። ልጇ ደግ ፊት ብቻ እያየች ብታድግ ምን ትጎዳለች? እስክሪብቶ ፈልጋ አጥታ ነው ለማታ ያቆየችው።

አመሻሽ ላይ ቤት ስትደርስ አሪየት መታጠቢያ ክፍሉ መስታወት ፊት ቆማለች።

«እማ፣ እዪኝ እስቲ። ፊቴ ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«በደንብ እዪ እንጂ!»

አቻላ አየች። የአስራ አራት ዓመት ልጅ ፊት ነው፤ ከሳሙና ብዛት ጉንጯ ደርቋል።

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ዛሬ ሶልያና ‹ጫማሽ ነጭ መሆኑ ያምርብሻል፣ ከሩቅ ያስታውቃል› አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሳቀ አለ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምኑ ነው የሚያስቀው? ሁሌ እንዲህ ነው፤ ጥሩ ነገር ይሉኛል፣ ከዚያ ይስቃሉ። የሆነ ነገር አለብኝ ማለት ነው። ወይ ፊቴ ላይ ነው ወይ ጭንቅላቴ ውስጥ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «መነጽሩን ፈርሚልኝ እማ። ሳቁን ባላየው ይሻለኛል። እያበድኩ መሰለኝ።»

በዚህ መሐል የአቻላ ስልክ ጢር አለ። አስራ አንድ ጭረት፤ አስራ አንዱም ለዝበዋል፤ የሚጠበቅ ነገር የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉን ሳትጫን ስልኩን ደፍታ አስቀመጠችው። ከዚያ ቅጹን አውጥታ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበበች። አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ ወላጅ በአካል ቀርቦ ለዛ ቀድታ ያስቀመጠችውን ጥሬ ድምፅ ማዳመጥ እንደሚችል ተጽፏል።

ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ጸሐፊዋ መጀመሪያ አልገባትም፤ ቅጹን ስታሳያት ቁልፍ ፍለጋ ሦስት መሳቢያ ከፈተች። «እስከ ዛሬ የጠየቀ ሰው የለም እኮ» አለቻት። ክፍሉ የወንበሮች መጋዘን ነበር። የማዳመጫው ወንበር ላስቲኩ ገና አልተቀደደም።

አቻላ ማዳመጫውን አደረገችና እንደ ሥራዋ ዓይኗን ጨፈነች።

መጀመሪያ የትናንቱን ፈለገች። ሶልያና ያለችው ይህን ነበር፦ «ጫማሽ ነጭ መሆኑ በጀሽ፤ መብራት ሲጠፋ በሱ እናገኝሻለን።» ከዚያ ሳቅ። ከዚያ ደግሞ የገዛ ልጇ ሳቅ፣ ምን እንደሚያስቅ ሳታውቅ ከሁሉም ዘግይቶ የመጣ።

ወደ ኋላ ሄደች። የስፖርት መምህሩ፦ «አንቺማ ለቅርጫት ኳስ ነው የተፈጠርሽው፤ ሒሳቡን ለነሱ ተይላቸው።» የጓደኛዋ እናት፦ «ይቺ እንኳ ቆንጆ ናት፣ ከነሱ ትለያለች።» አንድ ልጅ፦ «እናንተ መቼም ሙቀት አይሰማችሁም።» በየመሐሉ ምልክት ያልተደረገበትም አገኘች፤ የአማርኛ መምህሩ «አማርኛሽ እንዴት ጥርት ያለ ነው! የት ተማርሽው?» ብለዋታል። ለዛ ይህንን እንዳለ አሳልፋዋለች። ጥያቄ ነው፣ ምስጋና አለበት፣ ጭረት ተብሎ አልተቆጠረም። አዲስ መምህር በመጣ ቁጥር ይህችው ጥያቄ አለች።

ሁለት ሰዓት አዳመጠች። የተናደደችው በልጆቹ ይሁን በራሷ አልለየችም። ልትነሳ ስትል ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ መስመር አየች። ቅዳሜ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ። ተናጋሪ፦ እናት።

ከፈተችው። የራሷ ድምፅ ነው። «ከፀሐዩ ግቢ እንጂ! ይህ ሳያንስሽ ደግሞ የባሰ ልትጠቁሪ!»

ቀጥሎ አሪየት የሰማችው መጣ፤ እሱም የራሷ ድምፅ ነው። «ከፀሐዩ ግቢ፣ የኔ ቆንጆ፣ እንዳይደክምሽ።»

አቻላ ልጇን «የኔ ቆንጆ» ብላት አታውቅም። የእሷም እናት አላለቻትም ነበር። ላስቲክ በለበሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ያላለችውን ቃል በራሷ ድምፅ አራት ጊዜ ደጋግማ ሰማችው። ከዚያ አለቀሰች፣ በደንብ አድርጋ።

ማታ እራት ሳይቀርብ አሪየትን ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት። ኦጁሉም መጥቶ ተቀመጠ።

«ለዛሽን አውልቂያት።»

«ለምን?»

«የምነግርሽ ነገር እንዳለ ይድረስሽ።»

አሪየት አወለቀችና መዳፏ ላይ ያዘቻት። አቻላ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ የጫማውን፣ የቅርጫት ኳሱን፣ የሙቀቱን። አላሳመረችም፣ አልቀነሰችም። ኦጁሉ መሬት መሬት ያያል። ልጅቷ ሲጀመር ፊቷ አመድ ሆነ፤ ኋላ ግን እናትየው ያልጠበቀችው ነገር መጣ። ትከሻዋ ከወራት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«አላበድኩም ማለት ነው?»

«አላበድሽም። ዓይንሽ ያየው ሁሉ ልክ ነው።»

«ፊቴ ላይም ምንም የለም?»

«ምንም የለም። ያለው እነሱ አፍ ላይ ነው።»

አሪየት ቀና አለች። ዓይኗ እንባ አቅሯል፣ ቁጣም አለበት። «ሁለት ዓመት ሙሉ አታውቂም ነበር?»

«ቁጥሩን አውቅ ነበር። ቃሉን ግን አልጠየቅኩም። ጥፋተኛ ነኝ። ሌላም አለ፤ አንዱ ጭረት የኔ ነው።» የአውቶቡስ ማቆሚያውንም ነገረቻት።

ይህኛው ከሁሉም የከፋ ሆነ። «ያን ቀን» አለች አሪየት ቀስ ብላ፣ «‹የኔ ቆንጆ› ያልሽኝ… እሱም የለዛ ነው? እኔኮ ቤት እስክንገባ እሱን ሳስብ ነበር።»

«የለዛ ነው። እኔ አላልኩሽም፤ ያልኩሽ ክፉውን ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ሲሉኝ የሰማሁትን ነው መልሼ ላንቺ ያልኩት። ይቅር በዪኝ።» አቻላ እጇን ዘርግታ የልጇን ባዶ ጆሮ ነካ አደረገች። «አሁን ግን ጆሮሽ ውስጥ ምንም የለም፣ የኔ ቆንጆ።»

አሪየት ወዲያው አላቀፈቻትም። መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጠቻት፣ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ በጀርባዋ ተደገፈቻት። እራቱ ቀዘቀዘ።

ሐሙስ ሳሎኑ ልምምድ ሆነ። ኦጁሉ የሚስቱን ሻሽ ጠምጥሞ ሶልያናን ሆነ። ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሰው ወገቡን ይዞ፣ ድምፁን አቅጥኖ «ጫማሽ ነጭ መሆኑ በጀሽ» ሲል አሪየት በሳቅ ፈረሰች። መልሷም ዝግጁ ነበር። «አንቺ ደግሞ ያልቦካ ሊጥ ትመስያለሽ!»

«ጥሩ ነው፣ ግን አይደርሳትም» አለች አቻላ። «ሶልያናም ጆሮዋ ላይ ለዛ አለ። ያንቺ ስድብ እሷ ጋ ሲደርስ ‹አንቺም ነጭ ያምርብሻል› ይሆናል። አመስግናሽ ትሄዳለች።»

ለካ መሳደብም ቀርቷል። አቻላ የተደፋውን ስልኳን እያየች የአማርኛ መምህሩን ጥያቄ አስታወሰች፤ ለዛ ሳትነካ ያሳለፈችውን።

«ጥያቄ ታልፋለች» አለች። «ለዛ ጥያቄ አትነካም። ስለዚህ ጠይቂያት። ‹ምን ማለትሽ ነው?› በያትና ዝም በይ። አትቆጪ፣ አትሳቂ፣ አትርጃት። ጠብቂያት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ራሷ ታብራራው።» አቻላ የራሷን አወራችላት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በየግቢው በር ላይ ዘንጓን ይዛ ቆማ «ባለሙያው መቼ ነው የሚመጣው?» ስትባል መኖሯን። በፊት በፊት አንገቷን ደፍታ ታልፍ ነበር። አንድ ቀን ግን ሰልችቷት «የትኛው ባለሙያ?» ብላ ዝም አለች። ሰውዬው ዘንጉን አየ፣ እሷን አየ፣ በሩን ከነመስኮቱ ከፈተላት። «ሁሉንም መመለስ የለብሽም» አለቻት። «ደክሞሽ ከሆነ እለፊው። ግን መለስሽም አለፍሽም፣ ማታ ማታ ወደኛ ይምጣ።»

ከአስር ጊዜ በላይ ተለማመዱት። ኦጁሉ በስተመጨረሻ ሻሹን ማውለቅ እምቢ አለ።

አርብ አራት ሰዓት ላይ አቻላ ያልተፈረመውን ቅጽና የአሪየትን ለዛ በፖስታ አድርጋ አቶ ዘርይሁን ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ሁሉንም ነገር ትሰማለች እኮ፣ ወይዘሮ አቻላ።»

«ትስማ። ብቻዋን አይደለችም።»

አቶ ዘርይሁን ፖስታውን ገልበጥ አድርገው አዩት። ስትወጣ ጸሐፊዋ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቃት ነበር። «ይቅርታ፣ እኔም ልጅ አለችኝ» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የትኛው ገጽ ላይ ነው ያገኙት?»

ሰኞ አሪየት ባዶ ጆሮዋን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። አቻላ ደግሞ ዳገት ላይ ዘንጓን አቆመች፤ ግን የምትሰማው ውሃ አልነበረም። በኖራ ምልክት ያደረገችበት ቦታ ሲቆፈር ደረቅ አፈር ሆነ። እንዲህ ዓይነት ስህተት ከሠራች ስንት ዓመቷ! ቆፋሪዎቹ ተሳሳቁባት፤ «ዛሬ ጆሮሽን ቤት ረሳሽው?» አሏት። ልቧ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ከሠላሳ ሁለቱ ተማሪዎች ጋር።

አስራ ሁለት ተኩል ሆነ። ሽንኩርት እየከተፈች ነው። እጇ ከልማዱ ወደ ፎጣው ሄደ። ስልኩ ግን ጸጥ እንዳለ ነው። አሪየት መጥታ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠች።

«አራት ነው» አለች። «ከአንደኛው ልጀምር። ምትክ መምህር መጥተው አማርኛ የት ተማርሽ አሉኝ። ‹እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ እርስዎስ የት ተማሩት?› አልኳቸው። ከልባቸው ይነግሩኝ ጀመር፤ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ሄደ።»

አቻላ ቢላዋውን አስቀመጠች፣ ሳቋ መጥቶ።

«ሁለተኛው፣ አንዷ ሰልፍ ላይ ፀጉሬን ነካችና ‹ስፖንጅ ነው የሚመስለው› አለች። ርቦኝ ነበር፣ አለፍኩት። ሦስተኛው ሶልያና። ያንኑ የመብራቱን ነገር ደገመችው። ‹ምን ማለትሽ ነው?› አልኳት። ከዚያ ዝም። ‹ማለቴ… መብራት ሲጠፋ… ማለት ጨለማ ሲሆን…› አለች። እኔ ዝም። እንደገና ጀመረች። እማ፣ ማንም አልሳቀም! ጆሮዋ ቲማቲም መሰለ። ራሷ የሰማችው ገና ዛሬ ይመስለኛል።»

ከዚያ አሪየት እግሯን ማወዛወዝ አቆመች። አቻላ አልጎተጎተቻትም። ውሃ ሲያዳምጡ እንደሚቆሙት ቆመች።

«አራተኛው፣ ፎቁን ስወርድ ነው» አለች ልጅቷ ቆይታ። «አንደኛ ክፍል የምትሆን ሕፃን እጄን ያዘችና ‹ስትታጠቢ አይለቅም?› አለችኝ። እንዲሁ ነው፣ በፍቅር ነው የጠየቀችኝ። ምንም ማለት አልቻልኩም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።»

አቻላ «ሕፃን ናት» አላለችም፤ «ምንም አይደለም»ም አላለችም። ሽንኩርት የሸተተ እጇን በልጇ ጀርባ ላይ አዙራ አቀፈቻት። አሪየት ትከሻዋ ላይ ትንሽ አለቀሰች፤ እንደ ባለፉት ወራት በር ዘግታ አይደለም። ሲበቃት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ የስልኩን ጥቁር ፊት በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«በይ አሁን ‹አይቻለሁ› በይ» አለቻት እየሳቀች።

«ሰምቻለሁ» አለች አቻላ። «ሰምቻለሁ፣ የኔ ቆንጆ።»